ወንበር አለኝ በሰማይ

ከሱቄ ጎን አሁን የሞባይል ቤት ተከፍቷል። ባለቤቱ ከእኔ ቀድሞ ይከፍትና ድምፅ ማጉያውን በረንዳ ላይ አውጥቶ እስኪመሽ ያንባርቅብኛል። ሰውየውን አልጠላውም፤ ሰላምታ ያውቃል፣ ስልኬም ሲዘጋ ቻርጅ ያደርግልኛል። ያስቀየመኝ አንድ ነገር ነው። ገና ሲከራይ በሁለታችን መካከል የነበረውን የቀርከሃ ግድግዳ አንስቶ በጂፕሰም ዘጋው። አልጠየቀኝም አልልም፤ ጠይቆኛል። "ጋሼ፣ ይሄ አሮጌ ነገር ይነሳ አይደል?" አለኝ። ቤቱ የእኔ አይደለም፣ ምን እላለሁ? ይነሳ አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ዝም ያለ ነጭ ግድግዳ ነው የሚቀበለኝ።

ያን ግድግዳ የሠራው ጓደኛዬ ነበር። የቀርከሃ ባለሙያ ነው፤ የዚሁ አገር ሰው፣ የበርታ ተወላጅ፣ በየሰው በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በሰፈራው ጊዜ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ ከወሎ መጣሁ፣ አሶሳ ላይ አደግሁ፤ አደግሁ ይባላል እንጂ ቁመቴስ እዚያው ቀርቷል። ቀን ሙሉ እሱ በዚያ በኩል ሲሰነጥቅ እኔ በዚህ በኩል ስሰፋ፣ በግድግዳው ቀዳዳ እያወራን ኖርን። ፊቱን ካየሁበት ጊዜ ድምፁን የሰማሁበት ይበልጣል። ጠዋት መጀመሪያ የሚለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ያ ሳሂብ፣ አለህ?" ያ ሳሂብ በነሱ አፍ ጓደኛዬ ሆይ ማለት ነው። "አለሁ!" እላለሁ። ካልመለስኩ ሥራ አይጀምርም። አንዳንዴ መርፌና ቁልፍ በአፌ ይዤ መመለስ ሲያቅተኝ ዞሮ ይመጣና በሬ ላይ ይቆማል። መኖሬን በዓይኑ አይቶ ይመለሳል።

አማርኛው የራሱ ነበር። ለሚስቱም "መጣ"፣ ለአህያዋም "መጣ" ስለሚል፣ ማን እንደመጣ ለማወቅ ወጥቶ ማየት ያስፈልጋል። ስስቅበት አይቀየመኝም። እሱ ደግሞ የእኔን በርታኛ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው። እንደው ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ኖሬ ከሰላምታና ከስድብ በቀር የያዝኩት ቋንቋ የለም፤ ስድቡንም ያስተማረኝ እሱ ነው።

ሥራው ወንበር፣ አልጋ፣ የልጅ ማስተኛ፣ አንዳንዴ ጎተራ ነበር። ሜትር አይነካም። ደንበኛ ሲመጣ ቁጭ ያደርገውና ከተረከዙ እስከ ጉልበቱ መታጠፊያ በቀጭን ሽመል ይለካዋል፤ ሽመሏን እዚያው ላይ ጧ አድርጎ ይቆርጣታል። የወንበሩ ቁመት እሷ ናት። "አንተ በሜትር የለካኸው ሱሪ ሰው ሲወፍር ይጠባል፤ ጉልበት አይወፍርም" ይለኛል። "ጉልበት አይወፍርም፤ ወንበርህ ግን ይነቅዛል" እለዋለሁ፣ እንዲናደድ ብዬ። ይናደዳል። የሱ ወንበር ነቅዞ አያውቅማ!

እዚህ አገር ቀርከሃ የማይቆርጥ ሰው የለም። አጥሩ ቀርከሃ፣ ጎተራው ቀርከሃ፣ የቤቱ ግድግዳ ቀርከሃ ነው፤ በክረምት ቡቃያውንም ቀቅለን እንበላዋለን። ስለዚህ ሁሉም አውቃለሁ ባይ ነው። እሱ ግን ጨረቃ በሞላች ሰሞን ቢላዋውን አያነሳም። ጨረቃዋ ጠፍታ ሰማዩ ጥቁር በሚሆንበት ሳምንት ይቆርጥና፣ ጅረት ወርዶ ጭቃ ውስጥ ቀብሮት ይመጣል። "ጣፋጩን ውሃ ይብላው፣ ነቀዝ ከሚበላው" ይላል። ደንበኛ ቶሎ አድርስልኝ ብሎ ሲጨቀጭቀው "ጨረቃውን ንገረው" ብሎ ወደ ላይ ያሳየዋል። ይህን በግድግዳው ቀዳዳ የሰማሁትን ያህል የቤተ ክርስቲያን ደወል አልሰማሁም።

ሌላው ጉዱ ተራራ ነው። ሰው ተራራ የሚወጣው ማር ሊቆርጥ ወይ የጠፋ ፍየል ሊፈልግ ነው። እሱ ለመውጣት ይወጣል። ቶንጎ የሚባል አገር ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ፣ ዘመዱን ትቶ ተራራ ላይ ሲዞር አግኝተውታል። ግድቡ ሲሠራ ጉባ ወርዶ ለሠራተኞች ዳስ ይሠራ ነበር፤ በዕረፍቱ ቀን ሌላው ልብሱን ሲያጥብ እሱ ፊት ለፊቱ ያለውን ኮረብታ ይወጣ ነበር አሉ። ኋላ ውሃው ሲሞላ አንድ ሰው በስልክ ፎቶውን አሳየው። ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አገላበጠው። "ያ ሳሂብ፣ እኔ የወጣሁት ተራራ አንገቱ ድረስ ገብቷል" አለኝ። ደስ ብሎት ይሁን አዝኖ አልለየሁም። ቆይቶ "አሁን በጀልባ ነው የሚወጣ" ብሎ ብቻውን ሳቀ።

የዘወትር ተራራው ግን ከባምባሲ መንገድ ገባ ብሎ ያለው ቋጥኝ ነበር። በነሱ ቋንቋ ስም አለው፤ እኔ መላጣው እለዋለሁ። እግሩ ሣርና ቀርከሃ ነው፣ ወገቡ ድንጋይ፣ አናቱ ደግሞ ዛፍ የሚባል ያልበቀለበት አለት። ከወገቡ በላይ አንድ ቦታ አለቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ይላል። እዚያ ላይ ጓደኛዬ ረጅም የቀርከሃ መሰላል አቁሞ፣ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ በአዲስ ይቀይረዋል። ያለዚያ መሰላል ዝንጀሮ እንጂ ሰው አናቱ ላይ አይደርስም።

እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ እሱ አህያዋን ይዞ መንገድ ዳር ይጠብቀኛል። አብረን እስከ መላጣው እግር እንሄዳለን። እዚያ ትልቅ ዋርካ አለ፤ እኔ ከዋርካው አላልፍም። ከፍታ አልችልም፣ በቃ። አምፖል ሲቃጠል እንኳ የጎረቤት ልጅ ጠርቼ ነው የማስቀይረው። "ዛሬስ?" ይለኛል ገመዱን ወገቡ ላይ እየጠመጠመ። "ለሚመጣው እሑድ" እላለሁ። ከዚያ ይወጣል። ዛፉ ይውጠዋል፣ እኔ ጋደም ብዬ ጥላው ሥር እጠብቃለሁ። ብዙ ቆይቶ አለቱ ላይ ጉንዳን አክሎ ብቅ ይልና ድምፁ ቁልቁል ይመጣል፤ "ያ ሳሂብ፣ አለህ?" ሳንባዬን ሰብስቤ "አለሁ!" እላለሁ። ያኔ ከዓይኔ ይሰወራል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እላይ ይቆያል፤ እኔም ታች ሆኜ አህያዋን አጫውታለሁ።

ሰዉ ወርቅ አግኝቷል ይለው ነበር። የእኛ አገር ሰው ጉድጓድ ሲያይም ወርቅ፣ ተራራ ሲያይም ወርቅ ነው የሚታየው። አንዱማ ተደብቆ ተከተለው፤ መሰላሉ ጋ ሲደርስ ፈርቶ ሲንሸራተት ሱሪው ከኋላው ተተርትሮ ተመለሰ። ሱሪውን የሰፋሁለት እኔው ነኝ፤ ተከትሎት እንደነበር ያወቅሁትም ያኔ ነው። ጓደኛዬን ግን በግድግዳው በኩል ጠየቅሁት። "አንተ ሰው፣ ቆይ፣ እዚያ እላይ ምን አለህ?"

"ወንበር አለኝ" አለ።

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!" አልኩት። ተረቱን አያውቀውም ነበር፤ አስረዳሁት። እንዴት ደስ እንዳለው! ከዚያ ወዲያ እሑድ ገመዱን ባነሳ ቁጥር "ወንበር አለኝ በሰማይ" እያለ ነው የሚሄደው።

እኔ ታዲያ ይሄ ወንበር የሚሉት ነገር ያንገበግበኝ ነበር። ለመላው አሶሳ ወንበር ሠርቶ ግድግዳ ለሚጋራው ጎረቤቱ አልሠራማ! ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለው ሰው ይህን ጎረቤት አላየውም። እኔ የተቀመጥኩት አንድ ጎኗ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ። ቁልፍ ስተክልና ዘምዘማ ስይዝ ግራ እግሬን ከሥሬ አጥፌ ካልተቀመጥኩ እጄ አይታዘዘኝም። ፕላስቲኳ ጠባብ ናት፣ ጉልበቴ ውጪ ተንጠልጥሎ ይደነዝዛል። እሱ በቀዳዳው አይቶኝ "ዶሮ!" ይላል። ዶሮ በአንድ እግሯ ትቆም የለ? እንደዚያ ማለቱ ነው።

አንድ ቀን ቁልፍ ስተክል ዞሮ መጣና እግሬ ሥር ቁጭ አለ። መሬት የረገጠውን እግሬን ተረከዙን ያዘ፣ በሽመል ለካ፣ ጧ አደረጋት። ቀጥሎ የታጠፈውን ከዳሌዬ እስከ ጉልበቴ በስንዝሩ ለካ። "ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት፣ ልቤ ግን በደስታ ዘሏል።

"ለዶሮ ቆጥ" አለና ወጣ።

ጠበቅሁ። ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ። ወንበርም የለ፣ ቆጥም የለ። "ወንበሬስ?" ስለው "ማሊሽ" ይላል፤ ግድ የለም ማለቱ ነው። እሑድ ዋርካው ሥር ስነዘንዘው ደግሞ "ውጣና እንነጋገራለን" ይለኛል። አላጋጭ! እያልኩ ቀረሁ።

ሁልጊዜ የምፈራው ከመላጣው ላይ ይወድቃል ብዬ ነበር። እሑድ እሑድ ድምፁ ትንሽ ከዘገየ ከጥላው ወጥቼ አለቱን አንጋጥጬ አይ ነበር። ገደሉ ምንም አላደረገው፤ ወባ ወሰደው። ካቻምና ክረምት ነው። መጀመሪያ ቀን በግድግዳው በኩል ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ሂድ ተኛ አልኩት፤ ሄደ። ጤና ጣቢያም ወሰዱት፣ መድኃኒትም ዋጠ። ልጠይቀው ስሄድ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ "ጭቃው" አለኝ። ትኩሳቱ ነው ብዬ "እሺ፣ እሺ" አልኩት። ከታመመ ወዲህ ግድግዳው ዝም እንዳለ ነበር፤ በማግስቱ ሱቄን ስከፍት ግን ዝምታው ሌላ ሆነብኝ። ማንም ሳይነግረኝ ማረፉን አውቄ ሱቄን መልሼ ዘጋሁ።

ቃሬዛውን ጎረቤቶቹ ከጓሮ በቆረጡት እርጥብ ቀርከሃ አሰሩት። እኔም አንዱን ጫፍ ያዝኩ። እሱ ረጅም፣ ተሸካሚዎቹ ዘመዶቹም ረጃጅም፤ በእኔ በኩል ዘመመ። አንድ ሰው ትከሻዬን በቀስታ ነካ አድርጎ ቦታዬን ወሰደ። ከኋላ ከኋላ በጭቃው ተከተልኩ። ሃይማኖታችን ቢለያይም ማንም ዞር በል አላለኝም፤ አፈር ስጨምር ቦታ ለቀቁልኝ። የዚያን ቀን ያለቀስኩትን እናቴ ስትሞት አላለቀስኩትም። ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ባዶ እጄን መቅረቴ የገባኝ። የሠራቸው ወንበሮች በየሰው ቤት ናቸው። ቢላዋዎቹን ወንድሙ ወሰደ፣ ደግ አደረገ። ግድግዳው ተነሳ። እኔ ዘንድ እጁ የነካው አንድ ስንጥር እንኳ የለም። ቀረ የምለው ያቺ ሰማይ ላይ አለችኝ የሚላት ወንበሩ ብቻ ነበረች። እሷን አውርጄ ሱቄ ውስጥ ላስቀምጥ ቆረጥኩ። የሱ ወንበር ከሆነች ለእኔ ረጅም ናት፣ እግሬም መሬት አይደርስ ይሆናል፤ አይድረስ! ዝናብና ምስጥ ሳይጨርሳት ማውረድ ብቻ ነበር ሐሳቤ።

በመስከረም ብቻዬን ሄድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዋርካው አልፌ፣ በእጄም በእግሬም እየዳህኩ እስከ አለቱ ግድግዳ ደረስኩ። መሰላሉን የሚቀይረው አልነበረምና ክረምቱ ጨርሶት ተጋድሞ አገኘሁት። አንዱ እግሩ ለሁለት ተሰብሯል። ቀና ብዬ አለቱን አየሁ፤ ራሴ ዞረ፣ ድንጋይ አቅፌ ቁጭ አልኩ። እየፈራሁም ቢሆን አንድ ነገር ገባኝ፤ መሰላል ካልሠራሁ ያቺ ወንበር እዚያው አፈር ትሆናለች።

ሠራኋ! ጥምቀት እንዳለፈ፣ የገና ልብስ ጥድፊያ ቀለል ሲልልኝ፣ ቢላዋ ይዤ ወጣሁ። ለምለም ለምለሙን ቆረጥኩ፤ ለስላሳ ነዋ፣ እጅ አያደክምም። ያን ሰሞን ጨረቃዋ ትሪ አክላለች። ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ትዝ ብሎኛል። የባለሙያ ወግ ነው ብዬ ተውኩት። እኛስ ልብስ ሰፊዎች ስንት ወግ አለን! ጭቃውንም ዘለልኩት። አምሮ የተሠራ መሰላል ግቢዬ ውስጥ ማንጎው ሥር አጋደምኩና፣ የፋሲካ ልብስ ይድረስልኝ ብዬ ሥራዬ ላይ ተደፋሁ።

ፋሲካ አልፎ መሰላሉን ላነሳው ስል ከሥሩ ቢጫ ዱቄት ተከምሯል። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ሲያኝኩ ይሰማል። አንዱን መርገጫ በእጄ ጫን ባደርገው እንደ ዳቦ ቆሎ ፍርክስ አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ። ማንጎው ሥር ቆሜ ያን ዱቄት እያየሁ "ስትሰማ አልነበረም እንዴ? ስትሰማ አልነበረም?" እያልኩ ራሴን ጮህኩበት። ጎረቤቴ በአጥሩ ብቅ ብላ ከማን ጋር ነው የምትጣላው አለችኝ። ከማንም ጋር አልኳት፤ እውነቴንም ነበር።

ሚስቱ ዘንድ ሄድኩ። ከሞተ ወዲህ እግሬ ከብዶኝ ብዙ አልሄድኩም ነበር። ቀዩን የከርከዴ ሻይ ቀድታልኝ የሆነውን ነገርኳት። እሱ ከሞተ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት፤ በሻሿ አፏን ይዛ ነው የሳቀችው። "ጨረቃ አለ፣ አይቆረጥም። ጨረቃ የለም፣ ይቆረጣል። ወንድሜ፣ አንተ ግድግዳው ላይ ስንት ዘመን ቁጭ አለ? ጆሮ የለህም?" አለችኝ። ከዚያ ሳቋ ቆመና ከርከዴውን ደግማ ቀዳችልኝ። ወንበሯን እሷም አይታት አታውቅም። "ሁልጊዜ ያወራል። ላይ ወንበር ወንበር" አለች።

እንግዲህ ሌላ ክረምት መጣ። የአሶሳን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አያነጋግርም። ለነገሩ የሚያነጋግረኝም አልነበረ። ነጎድጓዱ በመጣ ቁጥር የስፌቱን ማሽን አቁሜ ያቺን ወንበር አስባለሁ። አሁን እግሯ በሰበሰ፣ አሁን ማሰሪያዋ ተፈታ፣ አሁን ነፋሱ ገደል ከተታት እላለሁ። ደንበኞቼ ልብ አይሉኝም። አንዷ "ጋሼ ዘንድሮ ዝም አሉ" አለችኝ። ዝም አላልኩም፤ የምናገርበት ቀዳዳ ተደፍኖ ነው።

በታኅሣሥ፣ ሰዉ ሣሩን ሲያቃጥል ጭሱ ከተማውን በሸፈነበት ሰሞን፣ ጨረቃዋ እስክትጠፋ ጠበቅሁ። የጠነከረውን፣ ሲያንኳኩት ጧ ጧ የሚለውን መርጬ ቆረጥኩ። ሚስቱ አህያዋን ሰጠችኝ፣ ጅረቱን አሳየችኝ፤ እሱ በሚቀብርበት ጭቃ ቀበርኩት። ያኔ ነው "ጭቃው" ያለኝ ነገር ትዝ ያለኝ። ለዓመቱ መሰላል የቀበረው ነበረ ይሆን፣ ብዬ ዳር ዳሩን ቆፈርኩ፤ ምንም የለም። ትኩሳቱም ሊሆን ይችላል። ካወጣሁት በኋላ ሽታው እጄን አልለቅ ብሎ፣ የሙሽራ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ልጅ አፍንጫዋን ያዘች። ነቀዝ ግን አልነካውም። መሰላሉን ሠርቼ በልጥ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት፤ ጣቶቼ መርፌ መያዝ እስኪያቅታቸው።

በየካቲት አንድ እሑድ አህያዋን ጭኜ ሄድኩ። መንገዱን ያወቀችው እሷ ናት፤ ዋርካው ሥር ስትደርስ ራሷ ቆመች። ከዚያ ወዲያ ያለውን መሰላሉን እየጎተትኩ፣ እያረፍኩ፣ እንደገና እየጎተትኩ ወጣሁት። አቆምኩት። ረገጥኩት። እሱን፣ መሰላሉን፣ ራሴን ተራ በተራ ሰደብኩ፤ አምላኬን ለመንኩ። ወደ ታች አላየሁም። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ፣ መጨረሻዋን መርገጫ ለቅቄ አለቱ ላይ በሆዴ ተዘረጋሁ። አለቱ ሞቃት ነበር። ብዙ ከቆየሁ በኋላ ነው ቀና ያልኩት።

ወንበሯ ነበረች! አንድ ትልቅ ድንጋይ እንደ ጣሪያ ጎንበስ ያለበት ሥር፣ ዝናብ በማይነካት ቦታ፣ ፊቷን ወደ አሶሳ አዙራ ተቀምጣለች። ተንበርክኬ በእጄ ዳሰስኳት። ዱቄት የለም፣ ምስጥ የለም። መቀመጫዋ ላይ የልጡ ፀጉር እንኳ አልተላጠም፤ ማንም ያልተቀመጠባት አዲስ ናት። ቁመቷን ሳይ ግን ግራ ገባኝ። አጭር ናት። ያ ረጅም ሰው እዚህ ላይ ቢቀመጥ ጉልበቱ አገጩን ይነካዋል። ደግሞ ሥራዋ የተዛባ መሰለኝ፤ በግራ በኩል ወጣ፣ ሰፋ ብላለች። እሱ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም እያልኩ ደክሞኝ ነበርና ቁጭ አልኩባት።

ቀኝ እግሬ መሬቱን ሙሉ በሙሉ ረገጠ። ግራውን ሳላስበው አጠፍኩት። ጉልበቴ በሰፋው በኩል ልክክ ብሎ ገባ፣ አልተንጠለጠለም።

አዬ፣ ቆጥ!

ከወንበሯ አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ላዩ በመቀመጥ ብዛት ለስልሷል። ከፊቱ የከሰለ ምድጃና ሻይ የሚያፈላባት የጠቆረች ቆርቆሮ አለች። እሱ ይቀመጥ የነበረው ድንጋዩ ላይ ነው። ወንበር አለኝ ሲል፣ ዛሬስ ሲለኝ፣ ውጣና እንነጋገራለን ሲለኝ፣ ያ ሁሉ እሑድ ከእኔ ባዶ ወንበር ጎን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሻዩን ብቻውን ይጠጣ ነበር። ድንጋዩ ላይ እጄን አሳርፌ አለቀስኩ። ወንበሯን ላወርዳት ነበር የመጣሁት፤ ማሰሪያ ገመድም ይዤ ነበር። ገመዱን አልፈታሁትም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ ሱ ወደ አለቱ ጠርዝ ወጣ አልኩ፣ በእጄ አለቱን እየያዝኩ። ዋርካው ከዚያ ሲታይ አንድ እፍኝ ቅጠል ነው፤ አህያዋ ከሥሩ ትግጣለች። ሳንባዬን ሰበሰብኩና ጮህኩ። "ያ ሳሂብ፣ አለህ?"

አህያዋ ቀና ብላ አየችና ወደ ሣሯ ተመለሰች። ከዋርካው ሥር ሆኖ "አለሁ" ይል የነበረው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ እላይ ነኝ።